ያልወጣሁት ዳገት

ሰው አመሰገነኝ ብዬ እንቅልፍ ሳጣ በሰባ ሁለት ዓመቴ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስድብ ቢሆን አውቅበታለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ መንግሥት ቤት ስሠራ ስድብ አጥቼ አላውቅም። ምስጋና ግን፣ ያውም በአደባባይ፣ እያቀፉ፣ እያለቀሱ የሚያመሰግኑት ምስጋና... ኧረ የማርያም ያለህ! እስኪ ከመጀመሪያው ላውራው፤ ሳወራው ለእኔም ይገባኝ ይሆናል።

ጡረታዬን ልቀበል ጎንደር ፒያሳ ባንክ ቤት ተቀምጬ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ "መኳንንት አዱኛ!" ብላ ስትጣራ "አቤት" ብዬ ከመነሣቴ፣ ከኋላዬ ጋቢ የለበሰ፣ ስልሳን ያለፈ የሚመስል ሰው ተስፈንጥሮ መጣና እጄን ለቀም አደረገው። "መኳንንት አዱኛ? የከብት መርፌ ወጊው?" አለኝ። "ነበርኩ፤ ዱሮ" አልኩት። "ወይኔ አያ መኳንንት! የዝናብ ልብሱን ለጨው ያለበሰው! አባቴ እርስዎን እንዳነሣ ሞተ እኮ!" ብሎ ጉልበቴ ላይ ሊወድቅ ሲል በስንት መከራ አነሣሁት። ባንክ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ እኛን ያያል። ልጅቷም መስኮቷ ላይ አገጯን ደግፋ ታያለች።

ሰውየው ሞላ ይባላል። ከዳባት ወዲያ፣ ማኪና ከማይደርስበት ዳገት ላይ ካለች መንደር የመጣ ገበሬ ነው። ያን ጊዜ፣ አባ ሰንጋ የሚሉት በሽታ የደጋውን ከብት ሲፈጀው፣ እሱ ሊያገባ ሽር ጉድ የሚል ጎረምሳ ነበር አሉ። መርፌ ወጊው በመጣበት ቀን የሰርግ ዕቃ ሊገዛ ዛሪማ ገበያ ወርዶ ስለነበር ሰውየውን በዓይኑ አላየውም፤ ሁሉን የነገረው አባቱ ነው። "የጎረቤት መንደር ከብት አለቀ፤ የእኛ ተረፈ። በተረፉት በሬዎች አገባሁ። ስድስት ወለድኩ። የመጨረሻዋ ልጄ እነሆ ዘንድሮ እዚሁ ጎንደር ተመረቀች። ስምዎ ያለበት ወረቀት እስከ ዛሬ በአባቴ ሣጥን አለ። እሁድ የልጅቷ ድግስ ነው፣ ካልመጡ እቀየማለሁ!" አለኝ። እኔም "እመጣለሁ" አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ጡረታዬን ተቀብዬ ስወጣ እግሬ መሬቱን የረገጠ አልመሰለኝም።

ፒያሳ አንዱ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩና ማኪያቶ አዘዝኩ። ዋጋውን ስሰማ ለትንሽ ጊዜ ሞላንም ረሳሁት። እዚችው በረንዳ ላይ እኔና ጓደኛዬ ዘውዱ ማኪያቶ በሃያ አምስት ሳንቲም ጠጥተን፣ የተረፈንን ሳንቲም ለሊስትሮ ሰጥተን፣ ጌታ መስለን እንሄድ ነበር። ሽሮ በአርባ ሳንቲም፣ ጥብስ የፈለገ በሰባ አምስት። ከፎቶ ቤቱ ጎን በነበረው ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያው በሩ ላይ ተሰቅሎ ሙሉ ቀን ያዜማል፤ ከሥሩ ልብስ ሰፊዎቹ በዜማው ልክ ፔዳላቸውን ይረግጣሉ። አፍሯችን ይህን ያህላል፤ ቦላሌ ሱሪያችን መንገድ ይጠርጋል። ለመስክ ስንወጣ ደግሞ ያ ሁሉ ይቀርና ባለ አራት ኪስ ካኪ ኮትና ኮንጎ ጫማ ነው። ዘመኑ መቼ ነው አትበሉኝ። አንዱ መንግሥት ሄዶ ሌላው የመጣበት፣ የቢሮው ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶግራፍ የተቀየረበት ነው። ለእኛ ለመርፌ ወጊዎቹ ግን ያው ነበር፤ ከብት መንግሥት አያውቅም።

ሥራችን እንዲህ ነበር። መድኃኒቱ በበረዶ ሣጥን ተጭኖ እስከ ዳባት በማኪና ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ በበቅሎና በእግር። አንድ ጠርሙስ ከተከፈተ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፤ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ መንደር ስትገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው "ስንት ከብት አለህ?" ብለህ ነው። ጉዱም ያለው እዚህ ላይ ነው። የደጋ ገበሬ የከብቱን ቁጥር አይናገርም። ግብር ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩ ከአፍ ከወጣ ዓይን ይገባበታል፣ ይቀንሳል ብሎ ነው። አሥራ አንድ ያለው "አራት" ይልሃል። ደግሞ በእርጋታ ነው የሚልህ፣ ዓይኑን አያሽም። አራቱን ያመጣልሃል፣ ሰባቱን ገደል ለገደል ይደብቃል። አንተም አራት ብለህ ጽፈህ፣ አራቱን ወግተህ፣ የምስክር ወረቀቱን ሰጥተህ ትሄዳለህ። ከወር በኋላ ሰባቱ ያልቃሉ፤ "የመንግሥት መድኃኒት ውኃ ነው" ይባላል። እኔ እንደዚያ ነበር የምሠራው፣ ልዋሽ አልችልም። የነገሩኝን እጽፋለሁ። ወረቀቱን እንኳ በዝናብ መጻፍ ስለሚያስጠላኝ፣ ጥራዙን ሙሉ ጎንደር ቁጭ ብዬ ስሜን ጽፌ ፈርሜ ነበር ይዤ የምሄደው።

ዘውዱ ግን ቁጥር አይጠይቅም። ከመንደሩ ራቅ ብሎ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይፈልግና ጨው ይበትንበታል። የደጋ ከብት ጨው ሲያይ፣ አንዷ ላም ምላሷን ካሳረፈች ሌላውን ማን ያቆመዋል? የተደበቀውም ያልተደበቀውም ገመድ በጥሶ ይመጣል። እሱ መርፌውን ይዞ ይጠብቃል፤ ወግቶ ሲጨርስ ቀንዱ ላይ ቀይ ቀለም ያስነካዋል፤ ሁለተኛ እንዳይወጋው። ቁጥር ከማንም አፍ አይወጣም። ባለቤቱ ዳር ቆሞ ያያል፤ አልዋሸም፣ አልተናገረም፣ ከብቱ ግን ተወጋ። መርፌ በያዘ ሰዓት ዘውዱን ብትጠራው አይሰማም። አንድ ጊዜ የእናቱን መታመም የሚናገር ሰው መጥቶ ሦስቴ ጠርቶት፣ የያዛትን ጊደር ወግቶ ቀለሟን ቀብቶ ከለቀቃት በኋላ ነው "ምን አልክ?" ብሎ የዞረው።

ወደ ሞላ መንደር የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። ዝርዝሩ ላይ ስሜ አለ። በዚያው ሳምንት ደግሞ እዚህ ጎንደር ለመዝገብ ቤት ኃላፊነት ፈተና ወጣ። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ በመስኮት ፀሐይ የሚገባበት ክፍል! ልቤ ቆመ። ዘውዱ ጋ ሄድኩና "ዘውዱ፣ እችን አንዲት መንደር ሄደህልኝ ና" አልኩት። እግሩ ተልጦ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ነበር። "ምነው አንተ ሁልጊዜ እኔን? እኔ በቅሎ ነኝ?" አለ። ረገመኝ፣ አለቃችንን ረገመ፣ ዝናቡን ረገመ፣ እግሩን አድርቆ የእኔን ጥራዝ ከነፊርማው ይዞ ወጣ። እኔ ፈተናውን ተፈትኜ አለፍኩ።

በአምስተኛው ቀን እያሳለው መጥቶ አዲሱ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለና የሆነውን ነገረኝ። መንደሬው ከብቱን ሁሉ ደብቆ "የለንም" አለው። ጨውን ድንጋዩ ላይ በተነው። ወዲያው ዝናብ! ጨው ደግሞ በዝናብ ምን ይሆናል? ሊሟሟ ነው። ይሄኔ ዘውዱ የዝናብ ልብሱን አውልቆ ጨውን አለበሰው። እሱ በሸሚዝ ቆሞ ቀረ። ግማሽ ቀን! የሞላ አባት ከበር ሆኖ ሲያየው ሲያየው ቆይቶ፣ "እኔ ሰው ለጨው ልብሱን ሲሰጥ ዛሬ አየሁ" ብሎ ወርዶ ገደል የደበቃቸውን በሬዎች ራሱ እየነዳ አመጣለት። አንዱ ሲያመጣ ሌላውም ተከተለ። "ከዚያስ?" አልኩት። "ከዚያማ ወጋኋቸዋ! ሌላ ምን ላደርግ፣ ልስማቸው?" አለኝና እንደገና ሳለ።

እና የሞላ አባት በሣጥን ያስቀመጠው ወረቀት ላይ ያለው ስም የእኔ ነው። ሞላም ዕድሜ ልኩን ያመሰገነው እኔን ነው። እኔ ያን ቀን እዚህ ጎንደር ደረቅ ልብስ ለብሼ እስክሪብቶ ስመርጥ ነበር።

ይህን ለሞላ ያን ሰዓት ባንክ ቤት መንገር ነበረብኝ፤ አልነገርኩም። ለምን እንዳልነገርኩ ደግሞ ከዚህ የባሰ አሳፋሪ ነገር አለበት። ልጄ ትርሲት ትንሽ ሳለች ይህን ታሪክ እራት ላይ አወራላት ነበር። መጀመሪያ "ዘውዱ" ነበር የምለው፤ ዘውዱም በሕይወት ነበር። እሱ ሲሞት "እኛ" ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ "እኔ" አልኩ፤ ማንም አላረመኝም። ከዚያ ወዲያ "እኔ" ሆኖ ቀረ። አሁን አሁንማ ዝናቡ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል፤ የረጠበ ከብት ሽታ ይሸተኛል። በእመቤቴ እላችኋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ሄጄ ይሆን እንዴ እላለሁ። አልሄድኩም። እያወቅኩ ደግሞ ይሸተኛል።

ትርሲት አዋላጅ ነርስ ናት። ስትመረቅ ከተማ መቅረት ትችል ነበር፤ "አባቴ የዝናብ ልብሱን ለጨው ያለበሰ ሰው ነው" ብላ ዳባት አካባቢ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሰባት ዓመት ሆናት። አርብ ዕለት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከከተማው ወጣ ብሎ ፀዳ ወዳለው ቤታችን መጣች፤ ፊቷ ጠቁሯል። ከተማ ውስጥ የቢሮ ሥራ ሰጥተዋታል፤ ኮምፒውተር፣ የሰዓት ገደብ ያለው ሥራ፣ ቅዳሜና እሁድ ዕረፍት። መልሷን እስከ ሰኞ ይፈልጋሉ። ስልኳን አወጣችና አንድ ክራቫት ያሰረ ጎረምሳ አሳየችኝ፤ ሥራችሁን ውደዱ፣ ልባችሁን ሰብስቡ፣ የሕይወት ዓላማችሁን እወቁ እያለ በመድረክ ይንጎራደዳል። "ይሄ ልጅ ራሱ ሥራው ምንድነው?" አልኳት። "ይሄው ነዋ!" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና "አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ዳገቱን ትተህ ወንበሩን ስትይዝ ጸጸተህ? አንተ የምትለኝን ነው የማደርግ" አለችኝ። ነገሩ ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ ማለት ነው እንግዲህ! "እስከ እሁድ ላስብበት" አልኳት።

አሰብኩበት። ባሰብኩት ቁጥር ተደናገርኩ። ወንበሩ ክፉ ነበር ልላት አልችልም። በወንበሩ ነው እሷን ያሳደግኩ፣ ቤቷን የሠራሁ። ጉልበቴ ይኸው ደህና ነው፤ የዘውዱ ጉልበት ሃምሳ ሳይሞላው አለቀ፤ ሲቀበርም ከመሥሪያ ቤታችን የመጣነው አራት ብቻ ነን። እንደዚያ ከሆነ ወንበሩ ሸጋ ነበር ልበል? ያ ሁሉ ዓመት እዚያ ክፍል ስቀመጥ ልቤን ሰብስቤ የሠራሁበት አንድ ቀን ፈልጌ አጣሁ። ሰዎች ከመስክ የላኩትን ሪፖርት እቀበላለሁ፣ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ፋይል ውስጥ እከተዋለሁ፣ መስኮቱን አያለሁ። ዓይኔ ሁልጊዜ መስኮቱ ላይ ነበር። ግን ደግሞ እኔ አንድ ቀን አማርሬ አላውቅም! የሚያማርረው ዘውዱ ነበር። ስለ እግሩ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ አበሉ፣ ስለ ቁንጫው። አንድ ጊዜ እንዲያውም ጠይቄው ነበር፤ "ዘውዱ፣ ሥራህን ትወደዋለህ?" "ምን ማለት ነው?" "ደስ ይልሃል ወይ ማለቴ ነው።" "አብደሃል? በዚህ ጭቃ ማን ደስ ይለዋል?" ብሎ ተቆጣኝ። ታዲያ ከሁለታችን ማን ነው በደንብ የኖረ? የሚራገመው ነው ወይስ ዝም ያለው? ባለ ክራቫቱ ይህን ቢነግረኝ በወደድኩ።

እሁድ ደረሰ። ከትርሲት ጋር ወደ ሞላ ድግስ ሄድን፤ አዘዞ መንገድ ላይ ዘመድ ቤት ድንኳን ተጥሏል። ልሄድ አልፈለግሁም፤ እሷ ናት "ያንተን ታሪክ ከባለቤቱ አፍ ልስማ" ብላ የጎተተችኝ። ስገባ እልልታው ቀለጠ። የክብር ቦታ አስቀመጡኝ። ሞላ ከወገቡ ጎንበስ ቀና እያለ ታሪኩን ለእንግዳው ሁሉ ተናገረ፤ ዝናቡን፣ ጨውን፣ አባቱን፣ በሬዎቹን። እኔ ለዓመታት ለልጄ ከነገርኳት ምንም አላጎደለም። ትርሲት ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ በኩራት ታየኛለች፤ ያ አስተያየቷ አንጀቴን በላው። ከዚያ "አያ መኳንንት ይመርቁን" ተባለ።

ተነሣሁ። ልጅቷን መረቅኩ። ከዚያ መቀመጥ ሲገባኝ "ስሙኝማ" አልኩ። "ያ ሰው እኔ አይደለሁም። ነፍሱን ይማረውና ዘውዱ የሚባል ጓደኛዬ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የእኔ ነው፤ የሄደው ግን እሱ ነው። የዝናብ ልብሱም የእሱ ነው። እኔ ጎንደር ነበርኩ።"

ሞላ አየኝ፣ አየኝና እንባው መጣ። "አያችሁ?" አለ ወደ እንግዶቹ ዞሮ። "አያችሁልኝ ትሕትናውን? የሠራ ሰው እንዲህ ነው! ምስጋናውን እንኳ ለሟች ጓደኛው ሲሰጥ!" እልልታው ድንኳኑን ሊያፈርሰው ደረሰ። "ኧረ እኔ አይደለሁም! በማርያም!" ብል ማን ሰምቶኝ! አንዲት እናት ጠላ እየቀዳችልኝ "ይጠጡ እንጂ አያ፣ እንዲህ ያለ ደግ ሰው ምነው ቶሎ ባወቅነዎት" አለችኝ። እውነት ተናግሬ ሳልታመን ስቀር ይህ ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያው ዱሮ አምሽቼ ስገባ ለሟች ሚስቴ ነበር። ልስቅ ይሁን ላለቅስ ግራ ገባኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያላጨበጨበች አንዲት ትርሲት ናት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየኝ ነበር። እሷ አምናኛለች።

ባጃጅ ይዘን ወደ ፀዳ ስንመለስ "ጋሽ ዘውዱ ልጅ አለው?" አለችኝ። "አልወለደም" አልኳት። "ለምን የራስህ አደረግኸው?" አለች፤ ሳትቆጣ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "አላውቅም ልጄ። ሳወራው ደስ ስለሚለኝ መሰለኝ። ይቅር በይኝ። በውሸት ነው ዳገት ላይ ያወጣሁሽ። አሁን ወንበሩን ያዥ፤ እኔ የምመክርበት አፍ የለኝም" አልኳት። የባጃጁ ሹፌር በመስተዋቱ አየኝና ሙዚቃውን ቀነሰልን።

"አባዬ" አለች ትርሲት፤ "እኔ እኮ በታሪኩ አይደለም የሄድኩ። ያንን ስታወራ ፊትህ ስለሚበራ ነው። ስለ ቢሮህ ስታወራ እንደዚያ ሆነህ አይቼህ አላውቅም፤ ስለ እኛም ስታወራ ቢሆን። ልጅ ሆኜ 'ይሄ ሰው የሚያየው ምንድነው? እኔም ልየው' እል ነበር።" እጄን ያዘችኝ። "ስንቷን እናት በእጄ አዋልጃለሁ፤ ስንቱ ልጅ አልቅሶልኛል። ደክሞኛል፣ እውነቴን ነው፤ ውኃ የለ፣ መብራት የለ፣ መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል። ግን አንተ ያልነበርክበትን ቀን ስታወራ ፊትህ እንደዚያ ከበራ፣ እኔ የነበርኩበትን እንዴት ትቼው እመጣለሁ?"

ባጃጁ በራችን ላይ ቆመ።

ሰኞ በማለዳ መናኸሪያ ድረስ ቦርሳዋን ይዤ ሸኘኋት። ማኪናው ወደ ዳባት ሲነሣ እጇን አወዛወዘችልኝ። ልክ አደረገች ወይስ በእኔ ውሸት ጉልበቷን ልትጨርስ ነው? አሁንም አላውቅም፤ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። እኔ ያወቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም እዚያው መናኸሪያው አጥር ሥር ቆሜ ነው ያወቅኩት። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ አብልጬ የምወደው ቀን እኔ ያልነበርኩበት ቀን ነው። አለቀስኩ። ለዘውዱ ይሁን ለራሴ አልለየሁትም።